ውሃ አይጠፋም



ሰሞኑን «ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው፦ ኮፋኖ ሥር ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ የማወራው ስለ መኪና ነው። እንደ ልማዴ ረዘም ይላል። ኤርፖርት ተራ የምትጠብቁ አንብቡት። መሪ የያዛችሁ ግን ስልኩን አስቀምጡና ማታ ተመለሱ።

ነገሩ የሆነው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠዋት ደለስ ኤርፖርት እንዳደርሳቸው ተደወለልኝ። ስደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ሐበሻ ነኝና ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አባታቸው አርፈዋል። ቀብሩ አምልጧቸዋል፤ ለሠልስቱ ለመድረስ ነው የሚሮጡት። ይህ በረራ ካመለጠ ሠልስቱም አመለጠ ማለት ነው።

ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጭነን ወጣን። 495 ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቀስ እያልን ሳለ፣ «ወንድሜ፣ በረደኝ፤ ማሞቂያውን ጨመር አድርግልኝ» አሉኝ። ጨመርኩ። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አሁንም ቀዝቃዛ።

ያኔ ሆዴ ባር ባር አለኝ። መኪና ውስጥ የሚሞቀን አየር ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ኩላንት ነው። ሞተሩ ሞቆ እያለ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፋ፣ በዚያች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ የሚዞር ፈሳሽ የለም ማለት ነው። ጌጁን አየሁት፤ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ደህና ነኝ ይላል። የአሁኖቹ መኪናዎች ጌጅ ደግሞ እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩ ካልከፋ በቀር አይናገርም። 267 ላይ ስንገባ ግን ተናገረ። መርፌው ተነሣና ወደ ቀዩ ሄደ። ዳር ያዝኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ተራ ለሚጠብቅ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። እሱ እስኪመጣ እኚያ እናት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሻንጣውን ስናዛውር ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «አይዞህ ወንድሜ፤ ብረት ነው፤ ምን ታደርገዋለህ» አሉኝ።

እኔ ለሳቸው «እግዜር ያጥናዎ» ማለት ሲገባኝ፣ እሳቸው እኔን አጽናኑኝ። በረራው ሊዘጋ ሲል እንደደረሱ ጓደኛዬ ነገረኝ። እኔ ግን ቶው ትራክ እየጠበቅኩ ያቺ ቃል ከነከነችኝ። ብረቱ ምን አጠፋ? እኔ ከኦክቶበር ጀምሮ አውቅ ነበር።

አዎ፣ አውቅ ነበር። መኪናዬ ከ200 ሺህ ማይል በላይ የሮጠች፣ ባለ አራት ሲሊንደር ናት። ከኦክቶበር ጀምሮ በየሳምንቱ ኩላንቱ ይጎድላል፤ እኔ እጨምራለሁ። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ጨምሬ ኮፋኖውን ዘግቼ ወደ ሥራ። ኩላንት ያለቀብኝ ቀን ደግሞ የቧንቧ ውሃ። አራት ወር ሙሉ!

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ ከመምጣቴ በፊት መካኒካል መሐንዲስ ነበርኩ። ከአምስት ኪሎ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት ስኳር ፋብሪካ፣ ቦይለር ክፍል ነው። ለማያውቅ፦ ቦይለር ውሃ ወደ እንፋሎት ይቀይራል፣ እንፋሎቱ ሥራውን ሠርቶ መልሶ ውሃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ሁሉም ግን አይመለስም፤ የጎደለው በአዲስ ውሃ ይተካል። ያ የሚተካው ውሃ በየፈረቃው ተለክቶ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ።

የክፍሉ ፎርማን አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ገና ዲግሪዬ ሳይደርቅ፣ «አባባ፣ ውሃው የት እንደሚጠፋ አልታወቀም» አልኳቸው። መዝገቡን ዘግተው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ውሃ አይጠፋም። ይሄዳል እንጂ። የጠፋብህ መንገዱ ነው» አሉኝ።

ያንን ለሦስት ዓመት በየቀኑ ሠራሁበት። እዚህ መጥቼ ለራሴ መኪና ግን አንድ ቁጥር አልጻፍኩም። መጨመር ጥገና መሰለኝ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ቶው ትራኩ ያደረሰኝ ጋራዥ ራዲያተሩ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመው፣ ሩብ ሰዓት አቆይተው፣ «ግፊቱ አልወረደም፤ ወደ ውጭ የሚያፈስ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ውስጥ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል» አሉኝ። 2,400 ዶላር። መኪናዋ ራሷ ተሸጣ ያን ያህል ታወጣ እንደሆነ እንጃ። «ካልሆነ በ600 እንገዛሃለን» ተባልኩ።

ያን ማታ በሾፌሮች ግሩፓችን ላይ ጻፍኩት። ምክር እንደ ጉድ ፈሰሰ። አንዱ «ሽጣት»። አንዱ «ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አለ፣ ጨምርበት»። አንዱማ ቁንዶ በርበሬ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምር አለኝ። ወንድሜ፣ ቁንዶ በርበሬ ለወጥ ነው! የሚደፍነውም ፈሳሽ ቢሆን ቀዳዳውንና ቀጭኑን የማሞቂያ ቱቦ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይደፍናል።

600 ዶላሩን ልቀበል ጥቂት ነበር የቀረኝ። በወሩ መጨረሻ ቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፤ ያለ መኪና የምውልበት ቀን ሁሉ ከኪስ ነው። ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ጋራዡ ያለው «አላገኘነውም፣ ስለዚህ ውስጥ ነው» ነው። ውስጥ መሆኑን ግን ማንም አላየም። አለማግኘት ማስረጃ አይደለም።

በማግስቱ መኪናዬን አስጎትቼ አገሬ ልጅ ግቢ አቆምኳትና ደብተር ገዛሁ። ከአባባ መዝገብ ጋር አንድ ዓይነት መስመር አሰመርኩበት፦ ቀን፣ ማይል፣ የተጨመረ ሚሊ ሊትር።

መጀመሪያ የከፋውን ነገር መመርመር ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ሞተሩ አንዴ ግሏል፣ ሲግል ደግሞ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ከሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ኩላንቱ ይገባል። ለዚህ ቀላል ምርመራ አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበትን ብልቃጥ ራዲያተሩ አፍ ላይ ታስቀምጡና ከውስጥ ያለውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ትስባላችሁ። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። እኛም ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ስኳር ወደ ቦይለር ውሃ መግባቱን በኬሚካል ነበር የምናውቀው፤ ሐምራዊ ቀለበት ሲወጣ ሁሉም ይሮጣል። ልቤ እየመታ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሰማያዊ ነው።

አንድ ምርመራ ግን አይበቃም፤ ትንሽ ቀዳዳ ሊደበቅ ይችላል። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ኩላንት የሚጠጣ ሲሊንደር ካለ ካንዴላው በእንፋሎት እንደታጠበ ከሌሎቹ ተለይቶ ይነጣል። አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ወተት የመሰለ ነገር የለበትም። (በነገራችን ላይ በክረምት አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና የዘይት ክዳኑ ሥር ነጭ ነገር ብታዩ ቶሎ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ጤዛ ነው። የጠዋቷ ነጭ ጭስም እንደዚያው። የሚያሳስበው ሞተሩ ሞቆም የማይቆመውና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸተው ጭስ ነው።) ከጎን ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። የፊት መስታወቱ ላይ ቅባት መሰል ጉም የለም። ስለዚህ የማሞቂያዋም ራዲያተር ነፃ ናት።

ውስጡ ነፃ ከወጣ መንገዱ ወደ ውጭ ነው። አንድ ሳምንት ከአሌክሳንድሪያ ሳልርቅ፣ የሞተሩን ትክክለኛ ሙቀት የሚያሳይ ስካነር ሰክቼ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ እየለካሁ ነዳሁ። ደብተሩ እንዲህ አለ፦ 610 ማይል፣ 480 ሚሊ ሊትር። በመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አገኘሁ!

ከዚያ የመለዋወጫ መደብር ሄጄ የግፊት መለኪያውን ተዋስኩ። ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፦ እዚህ አገር ትልልቆቹ መደብሮች መሣሪያውን በመያዣ ገንዘብ ያውሷችኋል፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ይመልሳሉ። የእጅ ፓምፕ ያለው ጌጅ ነው፤ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ይገጠማል።

«በክዳኑ ቦታ» የምትለዋን ልብ በሉ። ጋራዡ ሲለካ ክዳኑ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁሉም ሲመረመር እሱ አልተመረመረም። ክዳን ደግሞ እንዲሁ ክዳን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላ ጋዝ የሚጨርሰው። ራዲያተር ውስጥ ተቃራኒውን እንሠራለን፤ ግፊት እንጨምራለን። ክዳኑ ላይ 16 ፒ ኤስ አይ የሚል ከተጻፈ፣ ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቲፍሪዝ የሆነ ኩላንት ወደ 130 ዲግሪ እስኪጠጋ አይፈላም። መሣሪያው ክዳኑንም ለብቻው ይለካል። የኔው በ9 ለቀቀ። ጎማው ተሰነጣጥቋል። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ኩላንቱን ወደ ነጩ ፕላስቲክ ይገፋዋል፣ ከዚያም ሞልቶ ይፈሳል፤ መንገድ ላይ ስለሆነ ማን ያየዋል?

15 ዶላር ከፍዬ አዲስ ክዳን ገጠምኩ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። 2,400 የተባለው 15 ሆነ! ግሩፑ ላይ ልጽፍ ስልኬን አንሥቼ ነበር።

ደብተሩ ግን አፌን ዘጋው። በሁለተኛው ሳምንት፦ 590 ማይል፣ 300 ሚሊ ሊትር። ቀነሰ፤ አልቆመም። ደብተር ባይኖረኝ ኖሮ ተሻለኝ ብዬ እቀመጥ ነበር። አንድ ጥፋተኛ መያዝ ሌላ ጥፋተኛ የለም ማለት አይደለም።

እንግዲህ አሰብኩ። ጋራዡ የለካው መቼ ነው? ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ለሩብ ሰዓት። ብረትና ጎማ ሲሞቁ ያብጣሉ፤ ሲበርዱ ይሰበሰባሉ። ትኩስ ሆኖ የማያፈስ ነገር ሲበርድ ሊያፈስ ይችላል። በተለይ በጃንዋሪ፣ ሌሊቱን ውጭ ሲያድር። መጉደሉም የባሰው ብርዱ ሲጠና ነበር።

ቅዳሜ ማታ መኪናዋ በርዳ ሳለ መለኪያውን ገጥሜ 16 ድረስ ነፋሁና ተውኳት። እሑድ ንጋት ላይ፣ ጃኬት ደርቤ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጌጁ 8 ላይ ነው።

ከሥር ያለውን ፕላስቲክ መከላከያ ፈታሁት። ይኼ ፕላስቲክ ነው ለካ ጠብታውን መሬት ሳይደርስ የሚቀበለው! ላዩ ላይ ሮዝ ነገር ደርቆ ጨው ጨው መስሏል። ወደ ላይ ተከተልኩት። የጥርስ ሐኪም የመሰለች ትንሽ መስታወት ከቺንጊያው ጀርባ አስገብቼ ሳበራ፣ የውሃ ፓምፑ ሆድ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ታየችኝ። አፏ ላይ አንዲት ሮዝ ጠብታ ተንጠልጥላለች።

ያቺ ቀዳዳ ብልሽት አይደለችም፤ ፓምፑን የሠሩት መሐንዲሶች ሆን ብለው የተዋት ናት። የፓምፑ ማኅተም ሲያረጅ ፈሳሹ ወደ ኩሽኔታው ገብቶ እንዳያበላሸው፣ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ እንዲታይ ነው። እንድትናገር ነው የተሠራችው። አራት ወር ስትናገር ከርማለች፤ ጎንበስ ብሎ የሚሰማት ነው የጠፋው። ሲበርድ ታነባለች፣ ሲሞቅ ትዘጋለች፤ የወረደውንም ሙቀቱና ነፋሱ ያደርቁታል።

ፓምፑን በ85 ዶላር ገዝቼ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ሠራነው። የቧንቧ ውሃ የተቀላቀለበትን አሮጌ ኩላንት በሙሉ አወጣን። እሱም ሌላ ሞኝነት ነበር፦ በየጊዜው ውሃ ስጨምር አንቲፍሪዙን እያቀጠንኩ፣ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከለውን ኃይል በክረምት መካከል እያዳከምኩ ነበር። የመጽሐፉን ዓይነት፣ ተበጥብጦ የተዘጋጀ ኩላንት ሞላን። አየሩ እስኪወጣ ድረስ የመኪናዋን ፊት ከፍ አድርገን፣ ማሞቂያውን ከፍተን አሠራናት። ሞቃት አየር ፊቴ ላይ ሲነፋ ሕፃን እንደተወለደለት ሰው ሳቅኩ።

ደብተሩ ከዚያ ወዲህ፦ ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ለያዛችሁ ሁሉ፣ በአጭሩ፦

ኩላንት የሚዞርበት ስርዓት ዝግ ነው። በየሳምንቱ መጨመር ካስፈለጋችሁ ቀዳዳ አለ፤ ባታዩትም አለ። ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሜዳ ቦታ ለኩ፤ ጻፉት። ርካሹን ምርመራ ከውዱ ፍርድ አስቀድሙ፦ ክዳኑ፣ ቱቦውና ፋሸታው፣ ፓምፑ፣ ምንጣፉ። ግፊቱን ትኩስም ቀዝቃዛም ሆኖ ለኩ፤ ቢቻል ይደር። ጓርኒሲዮን ነው ያላችሁን ሰው «በምን አወቅክ?» በሉት። ሰማያዊው ቢጫ ሆኖ ካሳያችሁ እውነቱን ነው፤ ክፈሉ ወይም ሽጡ። «ሌላ ስላጣን» ካለ ግን ገና ነው።

ትኩስ ራዲያተር በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ያነሣል። ኩላንት የለካችሁበትን ዕቃ ወደ ኩሽና አትመልሱ፤ የፈሰሰውንም አድርቁ። ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው፤ ሕፃንና ውሻ ይልሱታል። ማሞቂያው ድንገት ቀዝቃዛ ከነፋ ደግሞ ጌጁን አትጠብቁ፤ ዳር ያዙ።

ልጨርስ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። እኚያ እናት ናቸው። የአባታቸውን አርባ አውጥተው መመለሳቸው ነው፤ «ከደለስ ትወስደኛለህ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ሾፌር ትተው እኔን።

ሄድኩ። ሻንጣቸው ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንዳለ ከሩቅ ያውዳል። ለሠልስቱ መድረሳቸውን፣ ከእህቶቻቸው ጋር አብረው ማልቀሳቸውን ነገሩኝ። እኔም 267 ላይ፣ ያኔ የቆምንበት ቦታ ስንደርስ፣ የከበደኝን ተነፈስኩት። «እናቴ፣ ያን ቀን ብረት ነው ያሉኝ ብረቱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። አራት ወር እያወቅኩ ነው ያሳፈርኩዎት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ዛሬስ ማሞቂያው ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ጨመር አድርግልኝ።»

በሰላም ንዱ፣ ወዳጆቼ። ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሡ ኮፋኖውን ክፈቱ።